አፄ ዮሐንስ፣ ትምባሆና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ሕግ የተማረ ሰው አንድ ክፉ ልማድ አለው። ችግር ባየ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየው መፍትሔ አዋጅ ማውጣት ነው። እኔም ሲጋራ ለመተው የሞከርኩት ሁልጊዜ በአዋጅ ነበር። ቀን እቆርጣለሁ፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማጨስ ክልክል መሆኑን ለራሴ እደነግጋለሁ። ሁለት ቀን ሳይሞላ ደግሞ ያው እኔው አዋጁን እሽራለሁ። በ1980 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ከጀመርኩት ሱስ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር ቢያንስ አምስት ጊዜ እንዲህ ያለ አዋጅ አውጥቻለሁ። አምስቱም ሦስተኛውን ቀን አላለፉም።

ስድስተኛው የወጣው ጎንደር ላይ ነው። ጊዜው ጥር 2002 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነበር። ለሁለት ሳምንት ሥራ ሄጄ ነው። ፒያሳ አካባቢ ካለ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሲጋራዬን አፌ ላይ አድርጌ ክብሪት ስፈልግ፣ ከጎኔ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ትክ ብለው አዩኝ። በአፄ ዮሐንስ ዘመን ብሆን ኖሮ ያንን ሲጋራ የምይዝበት ከንፈር እንደማይኖረኝ እየሳቁ ነገሩኝ። እኔም ሳቅኩ። ሲጋራውን ግን እንደ ወትሮው አጣጥሜ አልጨረስኩትም። የዚያን ዕለት ማታ የቀሩትን ፍሬዎች ሰባብሬ ጣልኩና ስድስተኛውን አዋጄን አወጣሁ።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሕይወት ነው። እኒህ ንጉሥ ትምባሆን ከዚህ አገር በአዋጅ ለማጥፋት የሞከሩ ሰው ናቸው። የሳቸውን ታሪክ በደንብ ያነበብኩት በእነዚያ የመጀመሪያ የጭንቅ ቀናት ስለሆነ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። በመሃል በመሃሉ የኔ ጉዳይ ጣልቃ ቢገባ ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ።

አፄ ዮሐንስ የተወለዱት ተምቤን ነው። የልጅነት ስማቸው ካሳ ምርጫ፣ የፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ ይባላል። ወጣትነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን አለፈ። እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ መሳፍንት ልጆች እሳቸውም ኋላ ላይ ሸፈቱ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲያልፍ ደጃዝማች ካሳ መንገድ ሰጡ፣ ስንቅ የሚሸመትበትን ገበያም አመቻቹ። ጦሩ ሲመለስ መድፍ፣ ጠመንጃና ጥይት ትቶላቸው ሄደ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያከራክራል። መሣሪያው ግን ሥራውን ሠራ። ከአፄ ቴዎድሮስ በኋላ ዙፋኑን የያዙት አፄ ተክለ ጊዮርጊስ በቁጥር እጅግ የሚበልጥ ጦር ይዘው ወደ ትግራይ ሲመጡ፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ተሸነፉና ተማረኩ። ካሳ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

የሳቸው ዘመን የጦር ሜዳ ዘመን ነው። ግብፆች ከምፅዋ ተነስተው ደጋውን ሊይዙ ቢመጡ፣ በኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ፣ በዚያው ዓመት የካቲት ደግሞ ጉራ ላይ ተመቱ። በ1870 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ ገበሩላቸው። በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃም ንጉሥ አደረጓቸው። ሁሉን ጠቅልለው በእጃቸው ከመያዝ ይልቅ ንጉሦችን ከበታቻቸው አድርገው መግዛትን መረጡ። በዚህ ረገድ ከአፄ ቴዎድሮስ ይልቅ ታጋሽ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ትዕግሥታቸው ግን ሃይማኖትና ሥነ ምግባር ጋ ሲደርስ ያልቅ ነበር። ጸሎተኛ፣ ጾመኛና ቁጥብ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሌላ ሳያገቡ እንደ መነኩሴ ኖሩ ይባላል። ራሱን እንዲህ አድርጎ የገዛ ሰው፣ ሌላው ራሱን መግዛት ሲያቅተው ማየት ይከብደዋል። ትምባሆ በዚያን ጊዜ ከቀይ ባሕርና ከሱዳን በኩል ከሚመጣው ንግድ ጋር የሚታይ ነገር ነበር። ቆለኛውና ነጋዴው ጋያውን ያንቦቀቡቃል፣ ሌላው ሱረቱን በአፍንጫው ይስባል። ቤተ ክህነት ደግሞ ከጥንቱም ትምባሆን የምትጠየፍ ነበረች። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት አፄ ዮሐንስ ትምባሆን ከለከሉ፤ ቅጣቱም ላጨሰ ከንፈር፣ ሱረት ለሳበ አፍንጫ መቆረጥ ሆነ።

እዚህ ላይ የሕግ ተማሪው በውስጤ ይነሳል። ቅጣቱ የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። ጥፋቱን የሠራው አካል ራሱ እንዲቀጣ ነው። የተቀጣው ሰው ደግሞ እስኪሞት ድረስ ተንቀሳቃሽ የአዋጅ ሰሌዳ ይሆናል። ገበያ በወጣ ቁጥር ያየው ሁሉ ሕጉን ያነበዋል። ለማስፈራራት ከተባለ ከዚህ የበለጠ ዘዴ ማግኘት ያስቸግራል። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ከንፈሩ የተቆረጠው ሰው በማግስቱ ጠዋት ሲነሳ ትምባሆው አላማረውም ይሆን?

ይህንን ጥያቄ ያነሳሁት በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ እጄ ሳላዘው ኪሴን ሲዳብስ ነው። አጫሽ ያልሆነ ሰው አይገባውም። የሚያምርህ ጭሱ ብቻ አይደለም። እጅህ ሥራ ይፈታል፣ አፍህ ሥራ ይፈታል፣ ከምግብ በኋላ ምን እንደምታደርግ ይጠፋሃል። ለሐኪም ጓደኛዬ አዲስ አበባ ስልክ ደወልኩ። የነገረኝን እነሆ። ኒኮቲን ከደም ቶሎ ይወጣል፤ በሁለት ሰዓት ገደማ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። ሰውነት የለመደውን ሲያጣ ይጮኻል። መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ ረሃብ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት ሁሉ ይጠበቃል። ጩኸቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፣ ከዚያ በኋላ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት ሳምንት እየቀለለ ይሄዳል። ዋናው ነገር ግን አምሮቱ ቀኑን ሙሉ የሚዘልቅ አይደለም። እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ያልፋል። የእኔ ሥራ ሲጋራ ለዘላለም መተው ሳይሆን ያንን ጥቂት ደቂቃ ማሳለፍ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈጸም ትእዛዝ ደረሰኝ።

ሌላም ነገር ነገረኝ፤ ጎንደር ላለ ሰው መራራ ነገር ነው። ቡና ቀንስ አለኝ። የሚያጨስ ሰው ሰውነት የቡናውን ካፌይን ፈጥኖ ያጣራል። ሲጋራውን ሲተው ያው ስኒ ቡና በደሙ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ያቁነጠንጠዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ እሱም ሁሉንም በሲጋራው ያሳብባል። ቤታቸው ያረፍኩባቸው እናት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ መነሳት ነውር በሆነበት ቤት ከአቦል በኋላ ስነሳ ተቀየሙኝ። ምክንያቱን ስነግራቸው ግን ቅያሜያቸው ጠፋ። በሳህን ሙሉ የገብስ ቆሎ አምጥተው፣ ልጄ በዚህ አፍህን ያዝበት ብለው ሰጡኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ የሲጋራውን ቦታ ቆሎ ያዘው።

በሁለተኛው ቀን ነገሩ ባሰ። በሥራ ቦታ በረባ ባልረባው ሰው ተቆጣሁ። ከሰዓት በኋላ ለራሴም ለሰውም ብዬ ወጣሁና በእግሬ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ከጣሪያው ላይ ዓይናቸውን አፍጥጠው የሚያዩትን መላእክት ሽቅብ እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ይህ ቤተ ክርስቲያን ጎንደር ስትቃጠል ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ንብ ወጥቶ ወራሪዎቹን አባረራቸው ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ያ ቃጠሎ ደግሞ በቀጥታ ወደ አፄ ዮሐንስ ይመልሰናል።

ከዚያ በፊት ግን የ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳን ጉባኤ ማንሳት ግድ ነው። ንጉሡ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲያከራክር የኖረውን የሃይማኖት ጉዳይ እዚያ ላይ በፍርድ ዘጉት። ቀጥሎም የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት ናቸው። ያልተቀበለው ተሰደደ፣ ያመፀው ተመታ፣ ብዙ ሕዝብ ደግሞ በላይ እየተጠመቀ በሆዱ የራሱን ያዘ። ይህ የዘመናቸው ትልቁ ጠባሳ ነው። ከትምባሆው ጋር ማነጻጸሬ አይደለም። ሃይማኖት የሰው መብት ነው፣ ሱስ ደግሞ በሽታ። የአዋጁ አስተሳሰብ ግን አንድ ነው። በሆድ ውስጥ ያለውን ነገር በደጅ ትእዛዝ መለወጥ ይቻላል ብሎ ማመን። ሕግ እጅን ያያል፣ አፍን ያያል፤ ሆድን አያይም።

ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ደባርቅ ሊሄዱ ሲነሱ ተከተልኳቸው። ከጎንደር በወገራ በኩል አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደባርቅ ከስሜን ተራሮች አፋፍ ላይ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የጥር ብርድ አጥንት ይሰብራል። ከመኪና ስንወርድ ብርዱ፣ የአየሩ ቅጥነት፣ ያልተኛሁባቸው ሁለት ሌሊቶች ተባበሩብኝ። ለእንዲህ ያለው ብርድ የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር። መንገድ ዳር ማስቲካ፣ ሶፍትና ሲጋራ በፍሬ የሚሸጥ ልጅ ቆሟል። አንድ ፍሬ ገዛሁ። አንድ ብቻ ነው አልኩ ለራሴ። ሁለት ቀን ተኩል ታግሻለሁ፣ ይገባኛል፣ ከአንድ በኋላ እቀጥላለሁ። አምስቱም አዋጆቼ የተሻሩት በዚችው ዓረፍተ ነገር ነበር።

ክብሪቱን ልጁ ሲያቀብለኝ ትዝ ያለኝ መተማ ነው። በዋዜማው ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ሳነብ ያደርኩት እሱን ነበራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፄ ዮሐንስ በግንቦት 1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ውል ተፈራረሙ። በመሐዲስቶች የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ረዱ። ብድሩ የተከፈላቸው በጠላት ነው። በ1877 ዓ.ም. ጣሊያን ምፅዋን ያዘ፣ መሐዲስቶቹም ቂም ያዙ። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ጣሊያንን ቢመቱም ሰሜኑ አልረጋም። በጥር 1880 ዓ.ም. መሐዲስቶች ደንቢያ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ጎንደር ገቡ። አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፣ ሰውን ገደሉ፣ ማርከውም ወሰዱ። ንጉሠ ነገሥቱ በአንድ በኩል ጣሊያን፣ በሌላ በኩል መሐዲስቶች፣ ከኋላቸው ደግሞ በሳቸው ላይ የመከሩት ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት ሆኑባቸው። ከሦስቱ መተማን መረጡ። የጎንደር ቃጠሎ ያንገበገባቸው ይመስለኛል።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ጦርነቱ መተማ ላይ ተጀመረ። መሐዲስቶቹ ከተማዋን በእሾህ አጥር አጥረው ጠበቁ። የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ጥሶ ገባ። ድሉ በእጅ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያች ሰዓት ንጉሡ፣ ከወታደሩ ጋር ወደፊት ገብተው ሲዋጉ፣ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ያ ሁሉ ሠራዊት ድሉን ጥሎ ተመለሰ። ንጉሡ መንገሻን ልጃቸው መሆናቸውን አስታውቀው፣ አልጋውን ተናዝዘው አረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ የሚያፈገፍገው ወገን ተከታትለው ደረሱበት። የአፄ ዮሐንስ አንገት ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። በድንበሩ ላይ ያለችው ከተማ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

ያ ቀን በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከሚያንገበግቡኝ ቀኖች አንዱ ነው። የሚያንገበግበኝ ሽንፈት ሆኖ አይደለም፤ አጥሩ ከተጣሰ በኋላ በመሆኑ ነው። ደባርቅ ላይ ሲጋራውን በጣቶቼ መሃል ይዤ ስቆም ያሰብኩት ይህንን ነው። የሁለት ቀን ተኩል ጦርነት ተዋግቻለሁ። አጥሩን ጥሻለሁ። የቀረችው አንዲት ሰዓት ናት፤ ድሉ የሚጠፋውም በአንዲት ጥይት ነው። የጥይቷን ዋጋ ከፍዬ በእጄ ይዣታለሁ። አንድ ብቻ የሚባል ነገር እንደሌለ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ሲጋራውን ለልጁ መለስኩለት። ገንዘቡን ልመልስልህ ቢል እምቢ አልኩ። ልጁ እንደ እብድ ሲያየኝ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ወደ መኪናው ሄድኩ። አምስት ደቂቃ ያህል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ አለፈ። ሌላ ማዕበል መጣ፤ እሱም አለፈ።

ከዚያ ወዲህ አላጨስኩም። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆነኝ። ጀግንነት ለማውራት አይደለም፤ ከዚያ በኋላም በተለይ ከጓደኛ ጋር ስጠጣ ብዙ ጊዜ ተፈትኛለሁ። ነገር ግን ካለፉት አምስት ሙከራዎች ስድስተኛውን የለየው አዋጁ አልነበረም። አዋጁማ ያው ነበር። የለየው የሐኪሙ ስልክ፣ የእኒያ እናት ቆሎ፣ የቀነሰው ቡና፣ ከሰው መሸሼ ሳይሆን ለሰው መናገሬ ነው።

የአፄ ዮሐንስ ትምባሆ አዋጅ ከሳቸው ጋር አብሮ አረፈ። አፄ ምኒልክ በዚህ ጉዳይ ላይ ያን ያህል አልተጨነቁም፤ ትምባሆም ተመልሶ ገበያ ወጣ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሲሞላ፣ በ1930ዎቹ፣ መንግሥት ራሱ የትምባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ ብቸኛ ሻጭ ሆነ። ከንፈር የቆረጠው ዙፋን ወራሽ ሲጋራ ሸጠ ማለት ነው። ድርጅቱ እስከ ዘመናችን በመንግሥት እጅ ቆይቶ፣ በ2008 እና በ2010 ዓ.ም. አብዛኛው ድርሻ ለጃፓን ኩባንያ ተሸጠ።

በዚሁ ዘመን ሕጉም ተመልሶ መጥቷል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጸደቀች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስን ከለከለ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከለከለ፣ ማስታወቂያን አገደ፣ በፓኬቱ ላይ ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዘዘ። ይህን አዋጅ እደግፋለሁ። የማያጨሰውን ከጭስ፣ ልጁን ከመጀመር ያድናል። በዚህ ከአፄ ዮሐንስ አዋጅ ይሻላል፤ የሚቆጣጠረው ቦታውንና ሻጩን እንጂ የሰውን ከንፈር አይደለምና።

ይሁን እንጂ የጎደለው ነገር የዛሬ 140 ዓመት ከጎደለው ጋር አንድ ነው። ሕጉ አታጭስ ይላል። አጫሹ ደግሞ እሺ፣ ነገ ጠዋት ግን ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የጤና ባለሙያ ነው። ኒኮቲን ያለበት ማስቲካና ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት በ2001 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ለአንድ አጫሽ ያ መድኃኒትና አሥር ደቂቃ የሚያናግረው ነርስ ከአሥር ማስጠንቀቂያ ይበልጡበታል። አዋጅ የሚያወጡ ወገኖቼ፣ የሕግ ሰዎች፣ ይህንን ልብ ብንል መልካም ነው።

ለአጫሽ አንባቢዬ ደግሞ ይህን ልበል። ሐኪምህን ወይም ሐኪምሽን አማክሩ። ቡናና መጠጡን ለጊዜው ቀንሱ። ውኃ ጠጡ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ቆሎ ያዙ፣ ለቤተሰብ ንገሩ። አምሮቱ ሲመጣ ከዘላለም ጋር አትታገሉ፤ ከአምስት ደቂቃ ጋር ታገሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ብቻ የምትል ድምፅ ስትመጣ መተማን አስቡ። ለቤተሰብም አንድ ቃል አለኝ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ሰውየው ቢነጫነጭ ቻሉት። አሳፍሮ ያስተወ የለም። ከንፈር መቁረጥ ያላስተወውን ሱስ የእናንተ ቁጣ አያስተወውም።

አፄ ዮሐንስ ራሳቸውን የገዙ ሰው ነበሩ። ላመኑበት ነገር እስከ መተማ ሄደው ሞተዋል፤ ለዚህ ክብር ይገባቸዋል። አንድ ነገር ግን አላዩም። ራስን መግዛት ሰው በገዛ እጁ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ንጉሥ እንኳ ቢሆን ለሌላው ሊሠራለት አይችልም። ሊረዳው ግን ይችላል።

ቸር እንሰንብት።